ሐዘን ቤት የተሰቀለው ካፖርት

እሁድ እሁድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እኔ የለሁም። ሶፋው አለ፣ በሰፊ ሳህን የተከመረው ሎሚ አለ፣ ማንም የማይተኛበት አልጋ ስድስት ትራስ ተሸክሞ አለ። እኔ ግን ጓሮ ባለችው፣ ድሮ የቤት ሠራተኛ ታድርባት በነበረችው ጠባብ ክፍል በሩን ዘግቼ ተቀምጫለሁ። ያስገባችኝ ቤቱን የምታሻሽጠው ደላላ ሬኔ ናት። «የኔ ቆንጆ፣ አትቀየሚኝ» አለችኝ፤ «ግን ከል የለበሰች ሴት በር ላይ ያየ ሰው እንኳን ቤት ሊገዛ ውሃም አይጠጣም።»

ባሌ ሌቦሃንግ እዚሁ ብሉምፎንቴን ከተማ በመኪና አደጋ ከሞተ አሥራ አንድ ወር ከሳምንት ሆነው። ከሌን ላወልቅ የቀረኝ ሦስት ሳምንት ነው። እስከዚያው ጀንበር ሳትጠልቅ ቤት መግባት፣ ሰው አለመጨበጥ፣ ታክሲ ውስጥ የኋላ ወንበር ላይ መቀመጥ፣ ድምፅ ዝቅ ማድረግ። እኔን ደግሞ ሲፈጥረኝ ድምፄን ከሩቅ የሚሰማ አድርጎ ነው።

የኛ ሰው ሕግ ግልጽ ነው። ከሉ በሥርዓት ከወለቀ ወደ አባቴ ቤት መመለስም፣ ሌላ ማግባትም መብቴ ነው። ከሉ ሳይወልቅ ስሜ ከወንድ ጋር ከተነሳ ግን የሐዘኑ ዓመት እንደ አዲስ ይጀመራል። ምሜ፣ ማለትም እናቴ የምላቸው አማቴ ማሌቦሃንግ ይህን ሕግ እንደ ጸሎት በቃላቸው ይዘውታል። አባቴም በስልክ «ጨርሰሽ ነይ ልጄ፤ የጥሎሽ ከብት ተነድቶላት የሄደች ልጅ በጥፋት አትመለስም» ብሎኛል። ቤቱን የባሌ ቤተሰብ ሊሸጠው ቆርጧል፤ እኔም ከቤቱ ጋር ተዘግቼ ቀኔን እቆጥራለሁ።

ጺዲሶን ያየሁት ከአምስት ሳምንት በፊት ነው። ሥራው ለሽያጭ የቀረበ ቤት ገዢ እንዲወደው አድርጎ ማሰናዳት ነው። አንድ መኪና ሙሉ ትራስ፣ መብራት፣ መስታወትና ምንጣፍ ጭኖ መጣና ቤቱን ዝም ብሎ ዞሮ አየው። ከዚያ እኛን ከቤቱ ማውጣት ጀመረ። የሠርግ ፎቶዬን ከግድግዳ አወረደ። ማቀዝቀዣው ላይ የለጠፍኩትን የቤተ ክርስቲያን መርሐ ግብር ነቀለ። የሌቦሃንግን ዋንጫዎች ከመደርደሪያው አነሳ።

«ገዢ ቤት ሲያይ ማየት የሚፈልገው ራሱን ነው» አለኝ፣ ፎቶዬን በጨርቅ እየጠቀለለ። «የሰው ፎቶ ካለ ራሱን አያይም።»

«እኛስ የት እንግባ?»

«ካርቶን ውስጥ።» ወዲያው ደነገጠ። «ፎቶዎቹን ማለቴ ነው፤ ይቅርታ። ስምዎን ማን ልበል?»

«ማታባንግ።»

«እሺ። የታባንግ ክፍል የቱ ነው? መጫወቻ ከበዛ ቀነስ እናደርገዋለን።»

ክው አልኩ። ጥፋቱ የእሱ አይደለም። እኛ ዘንድ ሙሽራ ገና በገባች ቀን ለምትወልደው የበኩር ልጅ ስም ይወጣና እሷም የእገሌ እናት ተብላ ትቀራለች። እኔም «ማታባንግ»፣ «የታባንግ እናት» ተባልኩ። ሰባት ዓመት ሙሉ በዚህ ስም ተጠራሁ፤ ታባንግ ግን አልመጣም። እኔ በተጠራሁ ቁጥር ያልወለድኩት ልጅ አብሮኝ ይጠራል።

«ታባንግ አልተወለደም» አልኩት።

ሌላ ሰው ቢሆን «እግዜር ያውቃል» ብሎ ያልፍ ነበር። እሱ የያዘውን ትራስ አስቀምጦ ዓይን ዓይኔን አየኝ።

«ታዲያ ከዚያ በፊት ማን ነበሩ?»

ስሜን ለማስታወስ ትንሽ ጊዜ ፈጀብኝ ብል ማን ያምነኛል? «ዲምፖ» አልኩት።

«ዲምፖ» አለ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያለው። ማታ ፊቴን ስታጠብ ለብቻዬ ስስቅ ራሴን ያዝኩት፤ ወዲያው ደግሞ አፈርኩ።

ቤቱ እያማረ በሄደ ቁጥር እኔ መግቢያ አጣሁ። ሶፋው ላይ አትቀመጪ፣ ይጨማደዳል። ፎጣውን አትንኪ፣ ለዓይን ነው። ጨጓራ አትቀቅዪ፣ ሽታው መጋረጃው ውስጥ ይቀራል። ሬኔ እሁድ እሁድ ምድጃ ላይ ቫኒላ በውሃ ታፈላለች፤ ቤቱ ኬክ ኬክ ይሸታል፣ ኬክ ግን የለም። ለስድስት ሰው በተሰናዳ ጠረጴዛ አጠገብ አልፌ የበቆሎ ገንፎዬን ማጠቢያው ጋ ቆሜ እበላ ነበር።

በመጀመሪያው እሁድ ጺዲሶ ባዶ ካርቶን ሊያስቀምጥ የጓሮዋን ክፍል ከፈተ። እኔ አልጋው ጫፍ ላይ፣ ነጠላዬን ተከናንቤ ተቀምጫለሁ። ካርቶኑን እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

«እዚህ ነው እንዴ የሚያስቀምጡዎት?»

«ለሦስት ሰዓት ብቻ ነው። አይገድልም።»

«እኔ እዚህ ነው ያደግሁት።»

«ብሉምፎንቴን?»

«እንዲህ ያለች ክፍል ውስጥ። እናቴ ኬፕ ታውን የሰው ቤት ሠራተኛ ነበረች። ለጌቶቿ እንግዳ ሲመጣ 'ትንፍሽ እንዳትል' ብላ አልጋ ሥር ትከተኝ ነበር። ስትሄድ ብቅ ብዬ በመስኮት ትልቁን ቤት አያለሁ። የትራስ አደራደር የተማርኩት እንደዚያ ነው።» ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም።

አንጀቴን በላው። አያት የለው፣ አጎት የለው፣ የወገኑን ደንብ ማን ይንገረው? የሚያውቀው ቤት ነው፤ ሐዘንን አያውቅም። ይህን ያኔ ልብ ብዬው ቢሆን ኖሮ በኋላ የመጣው ሁሉ ባልመጣ። እኔ ግን ያየሁት ከጉልበቱ አጠር ያለ ሱሪ ለብሶ አልጋ ሥር ትንፋሹን የሚውጥ ልጅ ነበር።

ከዚያ ወዲያ እሁድ እሁድ ከበሩ ሥር ወረቀት ይገባልኝ ጀመር። «አሁን የመጡት ባልና ሚስት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተጣልተዋል። ገንዳውን ወደደችው፤ እሱ ደግሞ እናቷ እዚህ መጥታ ልትታጠብ መሆኑን አስታወሰ።» በሌላኛው ሳምንት፦ «አንድ ጡረተኛ መምህር ለጌጥ ያስቀመጥኩትን መጽሐፍ ይዘው ቁጭ ብለው እያነበቡ ነው። ገጽ አርባ ደርሰዋል። የሚነሱም አይመስሉም።» ሳቄ ጎልቶ እንዳይሰማ ነጠላዬን አፌ ውስጥ እጎሰጉሳለሁ። በአራተኛው እሁድ የመጣችው ወረቀት ግን አጭር ነበረች። «ሎሚው እውነተኛ ነው። ማንም አይነካውም። አንቺን አስታወሰኝ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ «አንቺ» አለኝ። ወረቀቷን ይዤ አሥራ አንድ ሰዓት እስኪሆን አልተነሳሁም።

ሐሙስ ዕለት ለሥራ ሲመጣ መልስ ጽፌ ጠበቅሁት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ እጅም እንደዚያው ነው። በእጄ ልሰጠው ስለማይገባ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት፤ እሱም አንስቶ ሳያነበው በግራጫ ካፖርቱ የደረት ኪስ ከተተው።

«አሁን አላነበውም» አለ። «ካነበብኩት ሥራ አልሠራም።»

እጃችን አልተነካካም። ቢሆንም ውሃ ሆንኩ።

በአምስተኛው እሁድ ሬኔ ተበሳጭታ ነበር። የመጣው ሁሉ አይቶ «ያምራል» ይልና አይመለስም። «ቤቱ ብቸኛ ብቸኛ ይላል፣ ጺዲሶ!» ስትለው ከጓሮ ሆኜ እሰማለሁ። «ባልና ሚስት የሚኖሩበት አስመስለው። ሁለት ኩባያ፣ ሁለት የመታጠቢያ ጋውን፣ በሩ ጋ የወንድ ነገር። አንድ የወንድ ነገር አጥተን ነው?»

ከተናገረች ሩብ ሰዓት አልሞላም፤ የአማቴ ጩኸት ቤቱን ሰነጠቀው።

«የማን ነው ይሄ? እኮ የማን ነው?»

የሚመጡ አልመሰለኝም ነበር። ለካ ከሌ የሚወልቅበትን ቀን ሊቆርጡ፣ ወንድማቸውን፣ ማሎሜ ማለትም አጎቴ የምንላቸውን ሴሎን ከእርሻ አስከትለው ከታባ ንቹ ከተማ መጥተዋል። ከሉን ከላዬ ቀደው የሚያነሱት ማሎሜ ሴሎ ናቸው፤ በዚህ ነገር የእሳቸው ቃል የመጨረሻ ነው። ሮጬ ወጣሁ። በኋላ በር ገብቼ ሳሎኑ ጋ ደረስኩ።

በመግቢያው ማንጠልጠያ ላይ የጺዲሶ ካፖርት ተሰቅሏል። ከሥሩ ጫማው አፍንጫውን ወደ ውስጥ አዙሮ ተቀምጧል። እኛ ዘንድ ሐዘን ባልወጣለት ቤት የሌላ ወንድ ልብስ በበሩ ከተሰቀለ ትርጉሙ አንድ ነው፤ መበለቲቱ ወንድ አስገብታለች። ከመቶ ሺህ ነገር መርጦ የሰቀለው እሱን ነው! ራሱ በነጭ ካልሲ ቆሟል፤ ምን እንዳጠፋ ገና አልገባውም። ሬኔ አለች፣ ነፍሰ ጡር ሚስቱን የያዘ አንድ ገዢ አለ፣ ያ ጡረተኛ መምህርም መጽሐፋቸውን ሊጨርሱ መጥተው ኖሯል።

«የኔ ነው እማማ» አለ ጺዲሶ። «ለማሳያ ነው። ገዢው ሲገባ ባልና ሚስት የሚኖሩበት ቤት እንዲመስለው ብዬ ነው።»

«ባልየው የኔ ልጅ ነው!» አሉ አማቴ። «ባልየው አፈር ውስጥ ነው! አንተ ማን ነህና ነው በልጄ ማንጠልጠያ ላይ የምትንጠለጠለው?»

ማሎሜ ሴሎ አልጮኹም። ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ ካፖርቱ ቀረቡና እንደ ታመመ በግ ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት። እጃቸው የደረት ኪሱ ላይ ቆመ። ወረቀቱን አወጡት። የኔን ወረቀት!

ማሎሜ ሴሎ ፊደል አልቆጠሩም። የአማቴን ዓይን ሞራ ጋርዶታል፤ ካፖርት ቢለዩ ፊደል አይለዩም። ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረና አማቴ ወደ እኔ ዘረጉት። «አንቺ አንብቢው። የተማርሽው አንቺ ነሽ።»

ወረቀቱን ተቀበልኩ። የገበያ ዝርዝር ነው ብዬ ጎመንና ዘይት ብጠራ ማን ያውቅብኛል? ጺዲሶ ፊቴን አየ፤ የእሱም ፊት አመድ መሰለ። ከዚያ ቶሎ ብሎ ተናገረ።

«እሱም ለማሳያ ነው። የፍቅር ደብዳቤ እንጽፍና ኪስ ውስጥ ወይ መጽሐፍ ውስጥ እናስቀምጣለን። ሰው ሲያገኘው ልቡ ይሞቃል። እኔ ነኝ የጻፍኩት። ያንብቡት እመቤቴ፣ ምንም የለበትም።»

ሬኔ የዋዛ ደላላ አይደለችም። «አዎ፣ አዎ! እንዲያ እናደርጋለን» አለች።

ጺዲሶ መውጫ ከፈተልኝ። እውነቱን በሙሉ ባነበውም ውሸት ሆኖ ያልፍልኛል፤ ሦስት ሳምንት ታግሼ ነፃ እወጣለሁ። ወረቀቱን ዘረጋሁና አነበብኩ።

«አንተ ሰውዬ፤ ቤቱን ስታስውብ እኔን አበላሸኸኝ። በፊት ዝምታውን ለምጄው ነበር። አሁን መኪናህ ደጅ ስትቆም ልቤ ከእኔ ቀድሞ በር ይከፍታል። ትራሱን በእጅህ መታ መታ ስታደርግ አየሁና በትራስ ቀናሁ፤ እግዜር ይይልኝ፣ በትራስ! ለባሌ አላለቀስኩም ብለው ይታዘቡኛል። ያላለቀስኩት ስላልወደድኩት አይደለም። ማን ሆኜ እንደማለቅስ ጠፍቶብኝ ነው። አንተ ስትጠይቀኝ ተገኘሁ። አሁን ሁሉም ያምመኛል፤ ሐዘኑም አንተም። ነፃ ሰው አይደለሁምና እንዳትነካኝ። ግን አትሂድብኝ።»

ነፍሰ ጡሯ ሴት በእጅጌዋ ዓይኗን ጠረገች። «እንዴት ደስ የሚል ቤት ነው» አለች ለባሏ። «ሰው የተዋደደበት ቤት ያስታውቃል።» ሬኔ ፊቷ በራ። ጡረተኛው መምህር ራሳቸውን ነቀነቁና «ቆንጆ ድርሰት ነው» አሉ።

ድርሰት።

አማቴ አልተነቃነቁም። በሞራ የተጋረደው ዓይናቸው እኔ ያለሁበት አቅጣጫ ላይ ቀርቷል። «ማታባንግ» አሉኝ፣ እንደማላውቀው ሆነው በቀስታ። «ይሄ ነገር ለማሳያ ነው?»

አንድ ቃል ነው የጠየቁኝ። አዎ ብል በቃ። ጺዲሶ በዓይኑ ይለምነኛል፤ አዎ በይ፣ አዎ በይ፣ ሦስት ሳምንት ነው። እኔ ደግሞ ያን ወረቀት እንደ ሎሚው ሳህን ላይ ተደርድሮ አየሁት። ሰው ሁሉ አይቶት፣ አድንቆት፣ ወጥቶ ይሄዳል። በሕይወቴ አንድ ነገር የራሴን ጻፍኩ፤ እሱንም ለገዢ ልተውለት?

«አይደለም ምሜ» አልኩ። «እኔ ነኝ የጻፍኩት። የምሬን ነው። እሱ ምንም አላደረገኝም፤ ጣቴን እንኳ አልነካም። ካፖርቱን ሳያውቅ ነው የሰቀለው። የጻፍኩት ግን እያወቅሁ ነው።»

«ዲምፖ!» አለ ጺዲሶ። በሰው ፊት ስሜን ጠራኝ፤ አሞቀኝም አቃጠለኝም።

አማቴ የሶፋውን ጀርባ ያዙ። ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅሁ። «ሦስት ሳምንት መዋሸት አቃተሽ?» ብቻ አሉኝ፤ ድምፃቸው ውስጥ ከንዴት ይልቅ ድካም ነበረ። ከዚያ ወደ ወንድማቸው ዞሩ።

«ዓመቱ ከዛሬ ይጀመራል» አሉ ማሎሜ ሴሎ። አስቀድሞ የማውቀው ፍርድ ነው፤ ሲሰማ ግን ሌላ ሆነብኝ። ሌላ ክረምት፣ ሌላ የገና በዓል፣ ሌላ አሥራ ሁለት ወር በዚሁ ጥቁር ልብስ። «ልብሱም ይቀመጣል። ሐዘን ቤት የገባ የወንድ ልብስ ሐዘኑ ሳይወጣ አይወጣም።»

ጺዲሶ ጫማውን እንዲያደርግ ብቻ ፈቀዱለት። ክሩን አሰረ። ሲነሳ ማሎሜ ሴሎን ፊት ለፊት አያቸው።

«ዓመት ሲሞላ ካፖርቴን ልወስድ እመጣለሁ።»

«ካፖርት ብቻ ከሆነ በፖስታ ይላክልሃል።»

«ካፖርት ብቻ አይደለም አባቴ።»

ማሎሜ ሴሎ ባርኔጣቸውን ደፉ። «ከሆነ ሽማግሌ ይዘህ ና» አሉት። ያን ጊዜ ነው የጺዲሶ ፊት የወደቀው። ከየት ያመጣል ሽማግሌ? አልጋ ሥር ያደገ ሰው ማን አለው? በሁለታችን መሃል ካለው ከዓመቱ ይልቅ ይህቺ ቃል ሰፋችብኝ። አንድ ጊዜ አየኝ፤ አልተሰናበተኝም፤ በሐምሌ ብርድ በሸሚዝ ብቻ ወጣ።

ገዢዎቹም አንድ በአንድ ሹልክ ሹልክ አሉ። ሬኔ በመስኮት አየችና «ሌሎች እየመጡ ነው፤ በናትሽ ቶሎ ወደ ጓሮ!» አለችኝ።

«ዓመቱን እቀመጣለሁ» አልኳት። «ጓሮ ግን አልቀመጥም። የሚገዛ ሰው ከነከሌ አይቶኝ ይግዛ።» አማቴ ይቃወሙኛል ብዬ ነበር፤ አልተቃወሙም። ሬኔ ስልኳን ይዛ ወደ ደጅ ወጣች።

እኔ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ጺዲሶ ውርጭ ያደረቀው ሣር ላይ አልፎ፣ ቁልፉ ካፖርቱ ውስጥ ስለቀረ መኪናውን ትቶ በእግሩ ይሄዳል፤ ክንዱን በክንዱ አቅፏል። መበለት ወንድ በመስኮት አታይም። አማቴ እየዳሰሱ መጡና ከጎኔ ቆሙ፤ እጃቸው መጋረጃውን ያዘ።

«ይመለሳል ብለሽ ነው?» አሉኝ።

«አላውቅም ምሜ።»

«ሳታውቂ ነው ዓመትሽን የሰጠሽው?»

«ልጅዎን ሳገባ ሁሉን እናንተ አወቃችሁልኝ። ይሄን ግን የማላውቀው እኔው ራሴ ነኝ።» እንባዬ መጣ። ለማን እንደሆነ አልለየሁትም። ለሌቦሃንግም፣ ለሸሚዙም፣ ለራሴም ነበር።

አማቴ መጋረጃውን እንደያዙ ቆሙ፤ ግን ስበው አልዘጉትም። ጺዲሶ ከመንገዱ መታጠፊያ እስኪሰወር ድረስ አየሁት።